የቃል መያዣ

የክልሉ ትምህርት ቢሮ ኃላፊ በሕዝብ ድምፅ መመረጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ተወዳዳሪ ሁሉ ለሚገባው ቃል ከተማረው አንዱን በመያዣነት ያስይዛል። ያስያዘው እውቀት ከጭንቅላቱ ወጥቶ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል፤ የሚመለስለት ቃሉን ሲፈጽም ነው።

አቶ መንግሥቴ "ጣራ የሌለው ክፍል አይኖርም" ብለው ኬሚስትሪን አስያዙ። ብዙም አልጎደለባቸው። ትናንት ግን ፊደል ያልቆጠሩት አባታቸው ትዝ ብለዋቸው፣ "ከእንግዲህ በጣቱ የሚፈርም ወላጅ አይኖርም!" አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ለዚህኛው ቃል ማንበብና መጻፍን አስያዙ።

ዛሬ ልጃቸው ትርሲት የውጤት ካርዷን ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ ወላጅ ይፈርምበት ተብሏል።"

ካርዱን አገላብጠው አዩት።

"ስንተኛ ወጣሽ?"

"አንደኛ። እዚያው ላይ ተጽፏል እኮ።"

"ጎበዝ የኔ ልጅ!" አሉና አውራ ጣታቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ። "በይ፣ ቀለሙን አቀብይኝ።"