የሚያዝያ አሥራ አምስት ጥላ

የመምህር ገበያው የእጅ ሰዓት ልክ ስድስት ሰዓት ይላል። ከመስጊዱ ደጅ የተተከለችው የክንድ እንጨት ጥላ ግን አሁንም አራት ጣት ያህል ተጋድሟል።

«ሚያዝያ አሥራ አምስት እኩለ ቀን ላይ በሰቆጣ ጥላ አይኖርም» ብሎ ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ይህን የሰሙት የነፊሳ አባት ሼህ እንድሪስ ትናንት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው አፋጠጡት።

«ከማን ሰማህ?»

«ከመጽሐፍ።»

«ጸሐፊው ሰቆጣን አይቷታል?»

«ኧረ የት አይቷት! በሒሳብ ነው።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው መምህር። እኛ ዘንድ ቃል የሚታመነው ከማን ወደ ማን እንደመጣ፣ የተቀባበሉትም ሰዎች እውነተኞች መሆናቸው ሲታወቅ ነው። በል ነገ በዓይኔ አሳየኝ። አለዚያ ልጄ ቤቷ ትቀመጣለች።»

ነፊሳ ከአምስተኛ ክፍል አንደኛ ናት፤ በጥያቄ የምታስጨንቀው፣ በጥያቄዋም የሚኮራባት ተማሪው። ገበያው ሰበብ ፈለገ፤ አያጣም ነበር። ግን አፈረ።

«ሼህ፣ ተሳስቻለሁ» አለ አጠገቡ ለቆሙት ሼህ እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ።

«መሳሳትህን በምን አወቅህ?»

«ስድስት ሰዓት ሆኗላ!»

«ሰዓትህን በምን አስተካከልከው?»

«በሬዲዮ ነዋ፤ ከአዲስ አበባ።»

ሼሁ ከት ብለው ሳቁ። «የሰቆጣ ፀሐይ ሬዲዮ አታዳምጥም! ቁጭ በል። ጥላው ገና እያጠረ ነው፤ እኩለ ቀን የሚሆነው ማጠሩን ሲያቆም ነው። ሠላሳ ዓመት የዙሁርን ሶላት የጠበቅሁት በዚህ ነው።»

ጎን ለጎን ቁጢጥ አሉ። ጥላው ሦስት ጣት ሆነ፤ ቆይቶ አንድ ጣት። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ጭራሽ ጠፋ። ገበያው ብድግ ብሎ እንጨቷን ዞራት፤ በየትኛውም ወገን ጥላ የለም። ደስታው አላስቀምጥ አለው።

«እርስዎ ያውቁት ኖሯል!»

«በየዓመቱ አየዋለሁ እንጂ! እኔ የጠየቅሁህ አንተ በምን እንዳወቅህ ነው።»

«በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይደገማል ይላል መጽሐፉ። ነሐሴ አሥራ አራት።»

«ነሐሴ?» ሼሁ ጢማቸውን ያዙ። «በነሐሴ ደመናው መች ፋታ ሰጥቶኝ! አንድም ቀን አላየሁት።» ገበያውን አተኩረው አዩት። «እንግዲህ ስለ ነሐሴው ለሚጠይቀኝ ‹ከመምህር ገበያው ሰማሁ› እላለሁ። ‹ይታመናል ወይ?› ካሉኝም፣ ‹ተማሪውን ሊነጥቁት ሲሉ እንኳ ተሳስቻለሁ ያለ ሰው ነው› እላቸዋለሁ።»