ከሠላሳ ሠላሳ

መምህር ያደታ ሃያ አራቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፉና አንድ በአንድ ጮክ ብለው ያነባሉ። «ሠላሳ። ሠላሳ። ይሄም ሠላሳ። ይሄም።» ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ይሰለቻቸዋል። «መቱ በአንድ ክፍል ሃያ አራት ሊቅ አፍርታለች ማለት ነው!»

ማንም አይስቅም። የዲጂታል ሥዕል ኮርሳችን ከመቶ ሰባውን መምህሩ ይሰጣሉ፣ ሠላሳውን ደግሞ አንድ ተማሪ ለአንድ ተማሪ። እኛ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሁሉም ለደረሰው ሠላሳ እንዲሰጥ ተስማምተናል። ይሉኝታ ነው። ነገ አብሮህ ምሳ የሚበላውን ልጅ አሥራ አምስት ብለህ ፊቱን እንዴት ታያለህ?

«ይሄ ተሰርዟል» ይላሉ መምህሩ። «አሁን እያንዳንዳችሁ እዚህ ቆማችሁ፣ ሥራው ፕሮጀክተር ላይ እየታየ፣ ነጥቡን ከነምክንያቱ ትናገራላችሁ። ውጤቱን የማስገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ሥራውን ማስተካከል የሚፈልግ ያስተካክል።»

ከተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚወጣው ሰማን ነው። «በጣም ያምራል። ሠላሳ።» ከዚያ አራርሳ፣ «ቀለሙ ደስ ይላል። ሠላሳ።» መምህሩ ቀና ሳይሉ ይጽፋሉ።

«ነፃነት። አንቺ የሐምዲያን።»

ወጥቼ ፊት ለፊት እቆማለሁ። ሐምዲያ ዶርም ውስጥ ከእኔ አልጋ በላይ ነው የምትተኛው። የመንፈቁን ፈተና ታይፎይድ ይዟት ስላልተፈተነች፣ ከሰባው የያዘችው ሃያ ስምንት ብቻ ነው። ለማለፍ ሃምሳ ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ከእኔ ሃያ ሁለት ማግኘት አለባት። ካላገኘች አባቷ «መድገም የሚባል ነገር አልሰማም፣ ጎሬ ተመልሰሽ ሱቅ ትቀመጫለሽ» ብለዋታል። ጠዋት ሻርፗን እያሰረች፣ «የኔ ነገር ባንቺ እጅ ነው» ስትለኝ «አታስቢ» ብያታለሁ።

ሥራዋ ግድግዳው ላይ ይበራል። ከጎሬ አለፍ ብላ ላለችው ለቡሬ ሕፃናት ክትባት የተሠራ ማስታወቂያ ነው። እናት ልጇን ታቅፋለች፤ ዙሪያዋን አበባ፣ አበባው ላይ ወርቃማ ጥላ፣ ጥላው ላይ ደግሞ ቢራቢሮ። ሦስት ሳምንት ለፍታበታለች። በየቀኑ እያሳየችኝ፣ እኔም በየቀኑ ያምራል እያልኳት።

ለእኔም አምና ሠላሳ ተሰጥቶኝ ነበር። በዚያ ሠላሳ ተነፍቼ ጎሬ አንድ ማተሚያ ቤት ለልምምድ ሄድኩ። ባለቤቱ ሥራዬን አንዴ አየና ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ አቆመኝ። ሁለት ወር ሙሉ የሰው መታወቂያ ሳባዛ ከረምኩ። የተናደድኩት ግን በእሱ አልነበረም፤ «ያምራል» ባሉኝ ሁሉ ነበር፣ ሐምዲያን ጨምሮ።

«አሥራ ሰባት» እላለሁ።

ሐምዲያ እንደማታውቀው ሰው ታየኛለች።

«ምክንያት?» ይላሉ መምህሩ።

በጣቴ ወደ ኋላ አሳያለሁ። «አራርሳ፣ እስኪ ኋላ ግድግዳው ጋ ሂድና አንብበው። ክትባቱ መቼ ነው?»

አራርሳ እየከበደው ይሄዳል፤ ዓይኑን ያጠባል። «ሴትዮዋ ታምራለች…»

«ቀኑን ነው ያልኩህ!»

«ቀኑ… እኔ ቢራቢሮ ነው የሚታየኝ። ማሎ ነፂ፣ በናትሽ ተያት።»

«አልተውም። ይሄን የምታየው ልጅ ያዘለች ሴት ናት፣ ያውም ባጃጅ ውስጥ ሆና። ቀኑን ካላየች ልጇ ሳይከተብ ይቀራል።» ወደ ሐምዲያ እዞራለሁ። «ሥዕሉ ቆንጆ ነው። ማስታወቂያ ግን አልሆነም።»

ሐምዲያ ትነሳለች። ጥላን የምትወጣ ይመስለኛል። እሷ ግን ወደ ኮምፒዩተሯ ትሄዳለች። «ቲቸር፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥር ተኩል።»

«ይበቃኛል።»

ሌሎቹ ተራቸውን ይቀጥላሉ። ኢክረማ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሃያ አምስት። የሰውየው አንገት ትንሽ ረዝሟል» ሲል ባለሥራው ራሱ ይስቃል። እኔ በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማው። ሐምዲያ ቢራቢሮዎቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች፤ ማውሱን የምትጫነው በንዴት ነው። ቀጥሎ አበባዎቹ ይሄዳሉ፣ የሦስት ሳምንት ልፋት። ሄጄ ይቅር በይኝ ልላት ያምረኛል፤ ግን አልሄድም። አዝኛለሁ፣ አልተሳሳትኩም።

«ነፃነት።» ሙሉ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም። «አሁንስ ስንት?»

ያስተካከለችውን ፕሮጀክተሩ ላይ ታወጣዋለች፤ እኔም ኋላ ግድግዳው ጋ ሄጄ እቆማለሁ። እናትና ልጅ፣ ከላያቸው በትልቁ በኦሮምኛ «ከሚሳ»፣ ሐሙስ። ቀኑ ከሩቅ ይነበባል። ቦታውና ሰዓቱ ግን ቡናማው መደብ ላይ በቀይ ተጽፎ ተውጧል፤ ሁለቴ ሞክሬ ማንበብ ያቅተኛል።

ሃያ ሁለት ምላሴ ላይ ነው። ክፍሉ በሙሉ አፌን ያያል፣ የመምህሩም እስክሪብቶ ይጠብቃል። ለአንዲት ነጥብ ማን ይወቅሰኛል?

«ሃያ አንድ።»

«ኧረ በአላህ!» ይላል ሰማን ጠረጴዛውን እየመታ። «ለአንድ ነጥብ?»

ሐምዲያ ቀና ብላ ታየኛለች። ዓይኗ ቀልቷል። ከንፈሯን ነክሳ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፣ መልሳ እኔን። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በእግሯ ስባ ታስጠጋዋለች።

«ኮቱ፣ ነይ» ትለኛለች። «ምኑ ነው የጎደለው? ቶሎ በይ፣ ስምንት ደቂቃ አለን።»