የማይወጣው ስንኝ

ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን፣ ቤሪል ታስከር በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ያወጣችው የዘፈን ሸክላ ያልተጫወተበት የዳንስ አዳራሽ በእንግሊዝ አገር አልነበረም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ በቀጥታ በሚተላለፍ ዝግጅት ላይ፣ የካሜራው ቀይ መብራት ቦግ ሲል ጉሮሮዋ ተዘጋ። የሙዚቃ ባንዱ መግቢያውን ደጋግሞ ተጫወተ። አገር ምድሩ እያየ አንዲት ቃል ሳይወጣት ከመድረክ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ ለሰው ዘፍና አታውቅም። ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ ተቀምጣ ሌሎችን ማዘፈን ተማረች። ፕሮዲውሰር ሆነች፤ ጎበዝም ነበረች። የሸክላ ኩባንያው ባለቤት ሚስተር ካቪል የገና በዓል በመጣ ቁጥር «ቤሪል፣ መቼ ነው የምትዘፍኚልኝ?» ይላት ነበር። «ስሞት» ትለዋለች። በኋላ መጠየቁን ተወው።

አሁን ግን ነገር ተበላሽቷል። የመጨረሻዎቹ ሸክላዎቿ ሱቅ ውስጥ አቧራ ጠጥተው ቀሩ። ካቪል ጠርቶ ያላት አጭር ነበር።

«ያንን አዲሱን ዘፈንሽን እስከ ዓርብ ካልጨረስሽ ስቱዲዮውን እዘጋዋለሁ። ዘፋኟን እኔ እልክልሻለሁ።»

ዘፈኑን የጻፈችው ራሷ ናት። ከሥራዋ ሌላ የቀራት ነገር የለም፤ ባል የለ፣ ልጅ የለ። ስቱዲዮው ከተዘጋ ወደብ ከተማዋ ግሪምስቢ ወርዳ በወንድሟ ሱቅ ዓሣና ድንች ስትጠብስ ማርጀቷ ነው።

የተላከችው ልጅ ግሌኒስ ትባላለች፤ ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት የስዋንሲ ከተማ ልጅ። ሙዚቃው አስቀድሞ ተቀርጾ አልቋል፤ የቀረው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው። ልጅቷ ገና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሳታደርግ፣

«ሚስ ቤሪል፣ ያንን ቀይ መብራት ማጥፋት አይቻልም? ያስፈራኛል» አለች።

«አጥፋላት፣ ሌን» አለችው ቤሪል የቀረጻ ባለሙያውን።

«ለእኔ ቴፑ ከዞረ ይበቃኛል» አለ ሌን፣ ፒፓውን ከአፉ ሳያወጣ። መብራቱ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላም አልበራም።

ግሌኒስ ጀመረች። መነሻው ደህና ነው። የአዝማቹ ሦስተኛ ስንኝ ላይ፣ ዜማው ወደ ላይ መውጣት ያለበት ቦታ ስትደርስ፣ ድምፅዋ ተሰበረ።

«ምንም አይደል፣ የኔ ቆንጆ። እንደገና» አለች ቤሪል።

እንደገናም ተሰበረ። ቤሪል ከመስታወቱ ጀርባ ወንበሯ ላይ ሆና በመነጋገሪያው ማይክሮፎን ስንኟን አንጎራጎረችላት። አልሆነም። ረቡዕ እንዲሁ አለፈ። ሐሙስ ጭራሽ ባሰ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ቤሪል በመስኮት ስታይ፣ ግሌኒስ ጥጉ ላይ ከቆመ ግራጫ መኪና ወርዳ፣ ውስጥ ካለ መልኩ ከማይለይ ሰው ጋር አጎንብሳ ታወራለች። ከሰዓት ደግሞ ቤሪል ሻይ የሚፈላባት ክፍል በር ላይ ደርቃ ቀረች። ግሌኒስ ኩባያ እያጠበች ያንኑ ስንኝ ትዘፍናለች፤ ጥርት አድርጋ፣ ያለ ምንም ጭንቅ።

ቤሪል ወደ ሌን በረረች።

«ትችላለች! ሆን ብላ ነው! ከመንገድ ማዶ ያሉት ተፎካካሪ የሸክላ ኩባንያዎች ገዝተዋታል። ዘፈኔን ሊገድሉብኝ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ዕቃ ሲያጥብ የማይዘፍን ማን አለ?» አለ ሌን። ዓይኑን ግን ከማሽኑ ላይ አላነሳም።

«አንተንም ይዘውሃል እንዴ?»

ሌን የፒፓውን አመድ አራገፈ። ቤሪል ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ትዕግሥቷ አለቀ። በሩን በርግዳ ዘፋኟ ወዳለችበት ገባች።

«ማነው የላከሽ? ተናገሪ!»

ግሌኒስ አመዷ ቡን አለ። «ማንም... ሚስ ቤሪል፣ እዚህ ስቆም ይጠፋብኛል እኮ። እርስዎ ሲያሳዩኝ ነው የሚገባኝ። እስቲ በእናትዎ፣ አንዴ ብቻ፣ እዚሁ ቆመው፣ ማዳመጫውን አድርገው ሙሉውን ያሳዩኝ።»

«ያቃተሽ አንድ ስንኝ! ሙሉው ምን ያደርግልሻል?»

«ከየት ተነስቶ እዚያ እንደሚደርስ አላውቅማ።»

ልታንቃት ምንም አልቀራትም። ግን ሌላ ምን መላ አላት? ማዳመጫውን ነጠቀቻት።

«ስሚ እንግዲህ፣ አንቺ ደንቆሮ! በደንብ ስሚ!»

ዘፈነች። በንዴት ነው የጀመረችው። የግጥሙ ሁለተኛ አንጓ ላይ ንዴቱ ለቀቃትና የሚዘጋው ስቱዲዮ፣ የዓሣው ቅባት፣ ማንም የማይጠብቃት ቤቷ መጡባት። እያነባች ዘፈነችው፤ ያችንም ስንኝ እያነባች ወጣቻት። ስትጨርስ ግሌኒስ ግድግዳውን ተደግፋ አፏን በእጇ ይዛለች።

«አሁን አንቺ» አለች ቤሪል።

ግሌኒስ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

ቤሪል አልጮኸችም፤ ለመጮህም አቅም ያስፈልጋል። ኮቷን ለብሳ ወጣች። ደረጃው ላይ ካቪልን አገኘችው፤ የስቱዲዮውን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ዝጋው። አልቻልኩም። ከእንግዲህ ከእኔ ምንም አትጠብቅ።»

ካቪል ባርኔጣውን አነሳላት። ቤሪል ወደ ዝናቡ ወጣች። ስትሄድ ወደ ኋላዋ አልዞረችም።

ካቪል ፎቁን ወጣ። ሌንና ግሌኒስ ሲያዩት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«እህሳ፣ ድምፅዋን ያዝከው?» ሲል ሌንን ጠየቀው።

«መብራቱ ጠፍቶም ቴፑ እየዞረ ነበር» አለ ሌን።

«በይ ግሌኒስ፣ መኪናው ውስጥ የተማከርነው ማበላሸት ከእንግዲህ ይብቃሽ» አለ ካቪል፤ «አውቶቡስ ሳትሳፈር ድረሺባትና መልሻት፤ የገዛ ድምፅዋን ትስማ።»