ያልሞላችው ቦታ

ስክሪኑ የያሬትሲን ወንድም ስምና ዕድሜ አወጣና ከጎኑ ዜሮ ጨመረ።

"መምህር፣ እኔ እኮ ዜሮ አልጻፍኩም!"

ተማሪዎቹ ሲ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ስትራክቸር የሚባል የመረጃ ቅጽ ሠርተው አንድ የቤተሰባቸውን አባል እንዲሞሉበት ታዘው ነበር፤ ስም፣ ዕድሜ፣ በሕይወት ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ። ያሬትሲ የመጨረሻውን ዘላዋለች። ወንድሟ ኡሊሴስ ታፍኖ ከተወሰደ ወዲህ እናቷ በኩሊያካን ከተማ ዳርቻ አፈሩን በብረት ዘንግ እየወጋች የሬሳ ሽታ ይዞ እንደሆነ ጫፉን ታሸታለች፤ እስካሁን ምንም አላገኘችም።

"ክፍት የተውሽውን ማሽኑ በዜሮ ይሞላዋል፣ ልጄ" አላት መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ካለ፣ አንድ በይበት።"

ጣቷን አንድ ቁጥር ላይ አሳረፈች። ይሄኔ አጠገቧ የተቀመጠው የወንድሟ ጓደኛ አንገቱን አሰገገ።

"አሥራ ዘጠኝ? ኡሊሴስ እኩያዬ አይደል እንዴ? ዘንድሮ ሃያ ሁለት ሞላን እኮ!"

ጣቷ ደርቆ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ወንድሟ የተወሰደ ዕለት የነበረው ዕድሜ ነው። እሱን የሞላው ማሽኑ አልነበረም።