መንጠቆ የሌለው ክፍል

ሽማግሌው የሚስቱን የመረብ አልጋ ታቅፎ በሜሪዳ ከተማ ያረፉበትን ሆቴል ግድግዳ ዳበሰ። ድሮ አልጋው የሚንጠለጠልበት መንጠቆ በነበረበት ቦታ አሁን የሚያወራ ስክሪን ተለጥፏል።

«ሰባት ዓይነት ትራስ አለን» አለ ስክሪኑ።

«መንጠቆ ነው ያልኩህ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ተወው አንተ ሽማግሌ፣ እሱ ምን ያውቃል» አለች ሚስቱ። ልትታከም የመጣችባቸው ሐኪሞች ጠዋት ተስፋ ቆርጠው መልሰዋታል፤ ከተወለደች ጀምሮ ከመረብ በቀር ጎኗ አርፎ አያውቅም።

አንዱን ጫፍ ከመስኮቱ ብረት አስሮ ሌላውን ትከሻው ላይ ጠመጠመ። «በሬዬ!» ብላ እየሳቀች መረቡ ላይ ወጣች፤ ወዲያው እንቅልፍ ጣላት። እንዳትነቃበት ብሎ፣ የአገሩ ፒራሚድ ሁሉ ቢነቃነቅ እንኳ እሱ ንቅንቅ አላለም። የሚንቀሳቀስ ነገር ያጣው ስክሪን እንግዶቹ የወጡ መስሎት፣ «ስለ ቆይታችሁ እናመሰግናለን፤ አገልግሎታችን እንዴት ነበር?» ብሎ የክፍሉን አየር ማቀዝቀዣ አጠፋ።

ሽማግሌው የሚስቱን ደረት አየ፤ ደረቷም አይንቀሳቀስም። ገመዱን ግን ከትከሻው አላወረደም።