የአራተኛው ኩሬ ዝምታ

«አሁን ደግሞ አራተኛውን ኩሬ አብረን እናዳምጥ» አለች ተመራማሪዋ፤ የድምፅ ማጫወቻውን ቁልፍ ለመጫንም እጇን ዘረጋች።

ይቺን አባባል ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ስትለማመዳት ነው የከረመችው። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝምታ ይሆናል። ግራፎቿን አዳራሹ እያዛጋ ነው ያያቸው፤ ከንቲባውማ ለአምስት ዓመት ሪፖርቷን ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል የኖረ ሰው ነው፣ ዛሬም ከስልኩ ቀና አላለም። ኩሬዎቹ እየሞቁ ነው፣ ዝናቡ ጊዜውን ስቷል፣ እንቁራሪቶቹ እያለቁ ነው። እውነት ነው፣ ግን ማን ይደነግጣል? እሷ ራሷ መደንገጥ ከተወች ቆይታለች። አሥራ ሁለት ዓመት የሚያልቅ ነገር ሲቆጥር የኖረ ሰው ልቡ ይደነዝዛል። አፏ ይናገራል፣ እሷ ግን እዚያ የለችም።

አራተኛው ኩሬ የሪፖርቱ እምብርት ነው። ከአሥሩ ኩሬዎች ሁሉ ጥልቁና ቀዝቃዛው እሱ ስለሆነ፣ ሌላው ቢሞት እሱ ይተርፋል ተብሎ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ለወሬ ነጋሪ እንኳ አንድ እንቁራሪት አልጮኸበትም። ለኩሬዎቹ ከግድቡ ውሃ ይለቀቅ አይለቀቅ የሚለውን ምክር ቤቱ ዛሬ ከሰዓት ይወስናል። ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው በዚህ ዝምታ ላይ ነው።

የዚህን ኩሬ እንቁራሪቶች የሚቆጥሩት አባቷ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት ማሽን ላይ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ቤት መዋሉ ሊገድላቸው ሆነና አንድ ኩሬ ሰጠቻቸው። ሥራው ቀላል ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ጀምበር ስትጠልቅ ኩሬው ዳር አምስት ደቂቃ ቆሞ የሚጮኸውን መቁጠር። እንቁራሪቶቹ ሣር ውስጥ ስለሚደበቁ በጆሮ እንጂ በዓይን አይቆጠሩም። አባቷ አንድም ማክሰኞ ቀርተው አያውቁም። የመጀመሪያዋን ዜሮ የጻፉ ዕለት «አለቁ እኮ፣ የኔ ልጅ» ብለው አልቅሰዋል። ከዚያ ወዲህ ዜሮ፣ አሁንም ዜሮ፤ የአባቷ ዜሮ ደግሞ በሳንቲም ዙሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

ዘንድሮ አብሯት የሚሠራው ቴክኒሻን ራሱን ችሎ የሚቀዳ መሣሪያ ኩሬው ዳር ሰቅሎ ነበር። ቅጂውን ያመጣላት ዛሬ ጠዋት፣ አዳራሹ በር ላይ ነው። ሰምተኸዋል ወይ ስትለው ጊዜ አላገኘሁም አላት። እሷም አልሰማችውም። ዝምታን ደግሞ ማን አስቀድሞ ይሰማል?

ቁልፉን ተጫነች።

አዳራሹ በእንቁራሪት ጩኸት ተሞላ። አንድ ሁለት አይደሉም፣ ሠርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሌሎችም ተከተሉት። ከንቲባው ከስልኩ ቀና አለ። ግድግዳ ሥር የቆመው ቴክኒሻን ፊቱ አመድ መሰለ። ፋይሉ ተሳስቶ ይሆን ብላ አየች፤ አራተኛ ኩሬ፣ ያለፈው ማክሰኞ፣ የመቁጠሪያው ሰዓት። ከዚያ በጫጫታው መሀል አንድ ሰው ሳለ። ያቺን ሳል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ሳሉ ሲበርድለት ሰውየው ለራሱ እንዲህ አለ፤

«ዛሬም ምንም የለም።»

አባቷ ፊት ለፊቷ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሰው ሁሉ እየሳቀ እሳቸው ብቻ ዝምታውን ያዳምጣሉ።

ክው አለች። ለካ እቤታቸው ቴሌቪዥኑ እንደዚያ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ስልክ ትተው መልእክት ጻፊልኝ ማለታቸው፣ ስታወራቸው ከንፈሯን ትክ ብለው ማየታቸው፣ ላለችው ሁሉ «እሺ የኔ ልጅ» ማለታቸውም። በወር አንዴ ብቅ ስትል እርጅና ነው እያለች ታልፈዋለች። ማልቀስ ነበረባት። ምንም አልመጣም።

«ዶክተር፣ ይኼ ኩሬ ሞቷል አላሉም ነበር?» አለ ከንቲባው።

ቴክኒሻኑ በዓይኑ ይለምናታል፤ በእኔ አሳብቢው፣ ፋይሉ ተምታታ በይ እያለ ነው። አንድ ቃል ብቻ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ወረቀቱም የሦስት ዓመት ዜሮ ይዟል። ውሃውም ይለቀቃል፣ አባቷም እንደተከበሩ ቤታቸው ይገባሉ።

ማይኩን ከንፈሯ ላይ ለጠፈችው።

«የአራተኛው ኩሬ የሦስት ዓመት ቁጥር ይሰረዝ» አለች፣ ግራፎቹን ባነበበችበት ድምፅ። «እንቁራሪቶቹ አሉ። የማይሰሙት ቆጣሪው ናቸው። አባቴ ናቸው፣ እዚህ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሆኜ አላወቅኩም። የሌሎቹ ዘጠኝ ኩሬዎች ቁጥር ግን እንዳለ ነው።»

ስለ ዘጠኙ የሰማት የለም። እጇ ሳታዝዘው ወደ አባቷ ተዘርግቶ ስለነበር፣ አዳራሹ በሙሉ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ዞረ።

አባቷ ዓይናቸውን ገለጡ። የልጃቸውን እጅ አዩ፣ የዞረውን ሰው ሁሉ አዩና ፊታቸው በራ። ቆባቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ተነሡ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ እጅ ነሡ።