ሰፈሩ የማያውቀው ስም

ሰብሪና ልጇ በአባቷ ስም ዘይድ እንዲባል ነበር ሐሳቧ። ሐሙስ ማታ ወለደች። ዓርብ ጠዋት ባሏ ሙሚን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ባሃቲ እንበለው» አላት።

ምን ዓይነት ስም ነው አላለችም። ስሙን ታውቀዋለች። ሙሚን ለሻይ ቅጠል ንግዱ ሞምባሳ ይመላለሳል። ባለፈው ረመዳን ስትደውልለት ከጀርባው አንዲት ሴት «ባሃቲ! ባሃቲ!» እያለች ልጅ ስትጣራ ሰምታለች። ያን ዕለት በቅናት ስትንገበገብ አደረች። አሁን ግን ምንም አልተሰማትም።

ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው። ሙሚን ግን ዛሬውኑ፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት ይውጣ አለ። የሚሸሽገው ነገር ያለው ሰው እንዲህ ይቸኩላል ብላ አሰበች። የካርቲየ ሰባት ሰፈር ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ደጃፉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጓዳ ውስጥ ጎረቤቷ እትዬ ሱሪያ ሕፃኑን ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ ሙሚን ገዝቶ ባመጣው አዲስ ነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት። ጨርቁ ብዙ ተረፈ።

ወንድሟ ከይረዲን ሊያያት ገባ። ዶራሌ ወደብ ክሬን ላይ ከመቀጠሩ በፊት መርከብ ላይ ሠርቷል፤ ስዋሂሊ ይሰማል። የስሙን ትርጉም ጠየቀችው።

«ዕድል ማለት ነው» አላት፣ መሬት መሬቱን እያየ። እዚያ አገር በጣም የተወደደ ስም መሆኑን፣ ገበያ መሃል አንዴ ቢጣሩበት ግማሹ ልጅ ዞር እንደሚል ነገራት።

ሰብሪና ሞምባሳ ያለውን ልጅ አሰበችው። ስንት ዓመቱ ይሆን? እናቱስ ምን ትመስላለች? ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። ልጁን ያመጣላት የለም፤ እሷም አምጡልኝ አላለችም።

ከመስኮቱ ሥር ሻይ ሻጯ ልጇን መጥራት ጀመረች። «ዘይድ! አንተ ዘይድ!» ሰፈሩ ዘይድ በሚባል ልጅ የተሞላ ነው። ሙሚን ገብቶ መስኮቱን ዘጋው። በዚያ ሙቀት መስኮት አይዘጋም፤ እሱ ግን ዘጋው።

«እዚያ ወልደሃል?» አለችው። «የማን ስም ነው?»

ሙሚን አልተቆጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እዚያማ የማንም ስም ነው» አላት። «በየደጁ ይጣሩበታል። እዚህ ግን ባሃቲ የሚባል ልጅ የለም። ዘይድ ካልነው በየቀኑ እዚህ መስኮት ሥር ትሰሚዋለሽ።»

ሰብሪና የተዘጋውን መስኮት ስታይ ቆየች። ከዚያ «ባሃቲ ይሁን» አለች።

ሙሚን ከፈኑን ከእትዬ ሱሪያ ተቀብሎ በሁለት ክንዱ ታቅፎ ወጣ፤ ወንዶቹም ከምንጣፉ ተነስተው ወደ መቃብር ተከተሉት።